ከቅጥሩ ውጭ፦ ለምናባዊ ከተማችሁ የድሃ ሰፈር አሠራር

[ምስል፦ በእጅ የተሣለ የከተማ ካርታ። ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ የቅጥሩ ማማዎች በዝርዝር ይታያሉ። ከቅጥሩ ውጭ ስድስት ሰባት የተንጋደዱ ጎጆዎች ብቻ።]

ለጨዋታም ለልብ ወለድም ተብለው የሚሣሉ ምናባዊ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ከቅጥር ወደ ውስጥ ያማሩ ናቸው። የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር ታስቦበታል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ድሃ ሰፈር ግን ለመሙያ ያህል የተጣለ ነው፤ ጭቃ፣ ጭስ፣ ሌባ፣ አበቃ። በዚህ ቪዲዮ ያንን ሰፈር ከመሠረቱ እንሠራዋለን። ከተማችን እንደ ባሕር ዳር ከሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ናት፤ በምሥራቅ ጎኗ ከሐይቁ ወንዝ ይወጣል። ከቅጥሩ ውጭ 3,000 ሰው ይኖራል እንበል። ሐይቁን ከጣና እንቀዳዋለን፤ ጠባዩን በቅርብ የምናውቀው እሱን ነውና።

[ምስል፦ የፋሲል ግቢ ንድፍ ከላይ ሲታይ።]

መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ሰዎቹ ለምን ውጭ ሆኑ የሚለው ነው። «ድሃ ስለሆኑ» መልስ አይሆንም፤ ቅጥር ባለበት ከተማ ውስጥም ድሃ ሞልቷል። ውጭ የሚያስቀር ሕግ፣ ቀረጥ ወይም ሥራ መኖር አለበት። ጎንደርን ተመልከቱ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማ 900 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 12 በሮች ያሉት ቅጥር አላት፤ ቅጥሩ የሚያጥረው ግን ቤተ መንግሥቱን እንጂ ሕዝቡን አይደለም። ሕዝቡ ሁሉ ውጭ ነው፤ ውጭ ያለውም በተራው ተከፋፍሏል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ አዲስ ዓለም ሰፈራቸው ሆነ። በግንበኝነትና በቀጥቃጭነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም ተለይተው ኖሩ። ወደ ሐረር ብትሄዱ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጀጎል ግንብ ከተማዋን በሙሉ ያቅፋል፣ ጥንታዊዎቹ አምስት በሮችም ማታ ይዘጉ ነበር። እዚያ ውጭ መሆን ማለት በር ሲዘጋ ውጭ መቅረት ማለት ነው። ካርታችሁን ከመንካታችሁ በፊት ከሁለቱ የትኛውን ዓይነት ቅጥር እንደምትሠሩ ወስኑ።

እጅ ሥራም ያስወጣል። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ማረሻውንና ድስቱን ሁሉም ይፈልግባቸዋል፤ አብሯቸው የሚበላ ግን አልነበረም፤ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነው። በጣና ዳርም ጉማሬ ያድኑና ይበሉ የነበሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳቸውን ሁሉም ሲሳፈርበት እነሱ ግን ሲገለሉ ኖረዋል። የምናብ ሰፈራችሁ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ከተማዋ የሰዎቹን ሥራ ትፈልጋለች፣ ሰዎቹን ግን አትፈልግም። እያንዳንዱን ቤት ስታስቀምጡ ይህን አስቡ።

[ምስል፦ ባዶ ካርታ። የነፋስ ቀስቶች፣ ቀን ወደ የብስ፣ ሌሊት ወደ ሐይቅ ይዞራሉ።]

አሁን ቦታ እንምረጥ። ከሐይቅ ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ከውኃው ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ከየብስ ወደ ውኃ ይገለበጣል። ቆዳ ፋቂዎቹን ከከተማዋ ጀርባ፣ ከደቡብ በኩል ካስቀመጣችኋቸው ሌሊት ሽታው በሙሉ ቤተ መንግሥቱ ላይ ይተኛል፤ በማግስቱ ሰፈሩ ይፈርሳል። ከሐይቁ ዳር ከከተማዋ አጠገብ ካደረጋችኋቸው ደግሞ ጸጉሩ እስኪለቅ ቆዳ የተዘፈዘፈበት ውኃ በጥልቀት በሌለው ዳርቻ ተኝቶ ይቀራል፣ ሐይቅ እንደ ወንዝ ጠርጎ አይወስድምና። ትክክለኛ ቦታቸው ወንዙ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ፣ ከድልድዩ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ቀጥቃጮች ከሰልና ድንጋያማ መሬት ይሻላቸዋል፣ ከሣር ክዳንም መራቅ አለባቸው። ሸክላ ሠሪዎች አፈሩ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ማሰብ አያሻም።

አንድ ስህተት ሁሉም ካርታ ላይ አለ፤ ጎጆዎቹ ቅጥሩን ተደግፈው ይሣላሉ። ቅጥር የተሠራው ለጦርነት ነው። ከቅጥሩ ሥር ቤት ካለ ጠላት ይሸሸግበታል፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶም ይዘላል። ስለዚህ የጦር አዛዡ ከቅጥሩ እስከ ቀስት መድረሻ፣ ቢያንስ 100 ሜትር፣ ባዶ ሜዳ ያስቀራል፤ ከዚያ ወዲያም በድንጋይ መሥራትን ይከለክላል። ቤቱ ጠላት ሲመጣ በአንድ ቀን የሚቃጠል መሆን አለበት። እንግዲህ ሰፈሩ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው በድህነት ብቻ ሳይሆን በትእዛዝ ነው። ሰላም ሲረዝም ግን ሜዳው ይበላል። መጀመሪያ ከብት ይታሰርበታል፣ ቀጥሎ ዳስ ይጣልበታል፣ ከዚያ ዳሱ ግድግዳ ያወጣል። ከቅጥሩ 20 ሜትር ላይ ጎጆ ከሣላችሁ፣ ይህች ከተማ ለአንድ ትውልድ ያህል እንዳልተከበበች ተናገራችሁ ማለት ነው። አንድ ቃል ሳትጽፉ ታሪክ ሰጣችሁ።

[ምስል፦ የጭቃ ቤት አሠራር፣ ደረጃ በደረጃ።]

ቤቱን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት 3 በ4 ሜትር ቢሆን ነው። ቋሚዎቹ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር መሬት ይገባሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ ማገር በአግድም በልጥ ይታሰራል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ይተኛል፣ በየቀኑም በእግር ይረገጣል። ቸኩሎ የመረገ ሰው ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቅበታል። የመጀመሪያው ምርግ በደንብ ሲደርቅ ስንጥቁ በቀጭን ጭቃና በእበት ይለሰናል። እንጨቱን ስትመርጡ ተጠንቀቁ፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። የጥንት መልክ ያላት ከተማ ከፈለጋችሁ ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ይሁን። ቀጥ ያለው ግንድ ለውስጡ ሰው ይሸጣል፤ ለውጭ ሰፈር የሚተርፈው ጎባጣው ነው። ግድግዳው የሚወላገደው በዚህ ነው፣ ሠሪው ሙያ አጥቶ አይደለም።

ቤቱ የሚፈርሰው ከታች ነው። ከጣሪያ የሚወርደው የክረምት ውኃ መሬት ነጥሮ ግርጌውን ይበላል፤ ምስጥም በዚያው በኩል ቋሚውን ይይዛል። አቅም ያለው ከሥር ሁለት ረድፍ ድንጋይ ይደረድራል፣ ክዳኑንም ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አሳልፎ ያወርዳል፣ የቋሚውን ግርጌ በእሳት ለብልቦ ይተክላል። ስለዚህ የባለ ጸጋውንና የምስኪኑን ቤት ለመለየት በሩን አታስጊጡ፤ ግርጌውን አሳዩ። የሣር ክዳኑን ደግሞ ከነቀዝ የሚጠብቀው የምድጃው ጭስ ነው። እሳት የማይነድበት ቤት ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል። ባለቤቱ የጠፋ ቤት ሰፈር ውስጥ ወዲያው ይታወቃል።

[ምስል፦ ምንጭ፣ የእንስራ ሰልፍ። ከጎን ቁጥሮች ይወጣሉ።]

ወደ ውኃ እንምጣ። እዚህ ላይ ሒሳብ ሥሩ፣ ሰፈሩን ሕይወት የሚሰጠው ይኸው ነውና። ሐይቁ አጠገብ እያለ ስለ ውኃ ምን አስጨነቀን? በዳርቻው ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ደንገሉ ውስጥ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንይዝ፣ 3,000 ሰው 15,000 ሊትር ይፈልጋል። 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ 750 እንስራ ማለት ነው። ምንጩ አንድ እንስራ በአንድ ደቂቃ ይሞላል እንበል። ከጠዋት 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት 720 ደቂቃ አለ። አንድም ደቂቃ ባይባክን እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ 30 እንስራ ሰልፍ ላይ ይቀራል። ይህ ምንጩ ደህና በሚፈስበት ወቅት ነው። ሚያዝያ ላይ ፍሰቱ በግማሽ ቢወርድ 360 ብቻ ይቀዳል፤ ከግማሽ በላዩ ሰፈር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ከዚህች ሒሳብ ብዙ ነገር ይፈልቃል። በዶሮ ጩኸት ተነሥተው ተራ የሚይዙ ልጃገረዶች አሉ። ተራ የሚያስከብር ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ሰፈሩ «አያ» ብሎ ይጠራዋል፣ ከበር ዘበኛው ይልቅም ይፈራዋል። አራስ ላለባት ቤት ተራ ይለቀቃል፤ ያለ ተራዋ የገባች ደግሞ እንስራዋ ይሰበራል። በታንኳ ወደ ጥልቁ ወጥቶ ንጹሕ ውኃ ቀድቶ የሚሸጥ ሰው በሚያዝያ ይከብራል፣ በሐምሌ ሥራ ይፈታል።

[ምስል፦ ታንኳ ሲታሰር፤ ከዚያ የእንጨት ሸክም በበሩ ፊት።]

ታንኳው ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል። የሚንሳፈፈው ግንዱ ውስጥ ባለው አየር ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ወደ ታችም ይሰምጣል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል፤ ተጠንቅቀው ቢይዙትም በወራት የሚቆጠር እንጂ ለዓመታት የሚቆይ አይደለም። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ታንኳ ማስደገፊያና ማድረቂያ ሜዳ ሣሉ። ባለ ጀልባው ጀግናችሁ በአንድ ታንኳ አሥር ዓመት የሚቀዝፍ ከሆነ ጣና ዳር ያደገ አንባቢ አያምናችሁም።

ከማዶ በታንኳ የሚመጣው ዋናው ጭነት ማገዶ ነው። እዚህ ላይ የበሩን ቀረጥ አስገቡ። አንዲት እንጨት ሻጭ አንዱን ሸክም ውስጥ ብትሸጠው 6 ሽርፍራፊ፣ ውጭ ብትሸጠው 4 ታገኛለች። በር ላይ 1 ትከፍላለች፤ ተፈትሻ እስክትገባና እስክትወጣም ግማሽ ቀኗ ያልቃል። ውስጥ ከገባች በቀን አንድ ሸክም፣ 5 ሽርፍራፊ። ውጭ ከቆየች ሁለት ሸክም፣ 8 ሽርፍራፊ። ታዲያ ለምን ትገባለች? አትገባም። የውስጥ ሰዎች አሽከሮቻቸውን ወደ ውጭ ይልካሉ፣ በሩ ፊት ገበያ ይቆማል፣ ከገበያው ጋር ጠላ ቤትና አራጣ አበዳሪ ይከተላል። ከንቲባው ቀረጡ እንደቀነሰበት ሲያይ የውጭውን ገበያ ሊበትን ወታደር ይልካል። ይህ ግጭት የተወለደው ከአንድ ሽርፍራፊ ነው። ክፉ ንጉሥ አላስፈለገንም።

[ምስል፦ የሐይቁ ዳር መስመር በወራት ሲገፋና ሲሸሽ።]

ሐይቁ አይረጋም። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል? መሬቱ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ የውኃው ዳር 150 ሜትር ይሄዳል፣ 150 ሜትር ይመለሳል። በዚያ መሬት ላይ የሚሠራው ከድሃም ድሃ የሆነው ነው፤ ጎጆው በየክረምቱ ይነሣል። ውኃው ሲሸሽ ግን እርጥቡ መሬት ሽንብራና ጓያ ያበቅላል። ይህ ባሕር ሸሽ መሬት ድንበሩ በየዓመቱ ስለሚጠፋ በየዓመቱ ጠብ አለበት። አምና የኔ ነበር የሚል ሁሉ ምስክር ይዞ ይመጣል። ጎርፉ ከሄደ በኋላ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል፤ በቀጠሮው ያልተገኘ ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ ቀኑ የሚቆረጥበት ወቅት ይህ ነው።

በበጋ አደጋው እሳት ነው። የደረቀ ሣር ክዳን፣ የተጠጋጋ ጣሪያ፣ ሌሊት ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ነፋስ፤ እሳት ከደቡብ ጫፍ ከተነሣ ጎጆ ከጎጆ እየዘለለ እስከ ዳርቻው ይወርዳል። በሩ ተዘግቷል፣ የውስጡ ጉድጓድ አይደረስበትም። ማጥፊያው ውኃ ሳይሆን ማፍረስ ነው፤ እሳቱ ከመድረሱ በፊት አንድ ረድፍ ቤት ይናዳል። የማን ቤት ይናድ? ለዚህ አስቀድሞ የተማማለ እድር ያስፈልጋል፤ የፈረሰበትን ሌላው መልሶ ይሠራለታል። ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል ከሌለ ሁሉም የየራሱን ጣሪያ ሲጠብቅ ሰፈሩ በሙሉ ይነዳል።

[ምስል፦ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን።]

እነዚህን ሁሉ በአንድ ካርታ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ሣሉ፤ አንዱን ለመስከረም፣ አንዱን ለግንቦት። በመስከረሙ ላይ ውኃው ወደ ሰፈሩ ይግባ፣ ዝቅተኛዎቹ ጎጆዎች ይነሡና ወደ ቅጥሩ ሜዳ ይጠጉ። በግንቦቱ ላይ የምንጩ ሰልፍ ይርዘም፣ የባሕር ሸሹ እርሻ ይታይ፣ የታንኳ ማድረቂያው 150 ሜትር ወደ ውኃው ይከተል። ከዚያ አንዲት እንጨት ሻጭ ምረጡና በሁለቱም ካርታ ላይ ከቤቷ እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ ገበያው በእርምጃ ለኩላት። መንገዷ በሁለቱ ካርታዎች ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሐይቁን አልጨረሳችሁትም፤ ወደ ዳርቻው ተመለሱና ከዚያ ጀምሩ።