ዘሩ ከሰኔ በፊት ይድረስ

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የዞንና የወረዳ አመራሮች፣ የረድኤት ድርጅት ተወካዮች፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፤ እንደምን ዋላችሁ!

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከአዲአርቃይ እስከ ዳባት ሲዘልቅ ገበሬው ምን እንደደረሰበት ለዚህ ጉባኤ አይነገርም። ከሁለት ዓመት በኋላም ዝናቡ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ሲከዳ አይታችኋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ መጣሁበት ልግባ፦ ዘር።

በእርዳታ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይሰፈራል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ ነው። ግማሽ ሄክታር ገብስ ለመዝራት ግን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ዘር ይበቃል። ምርቱን አሳንሰን በሄክታር 20 ኩንታል ብንለው እንኳ ያ ቤት 10 ኩንታል ያስገባል፤ የ13 ወር ስፍር ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ግን ዘሩ በጊዜው ከደረሰ ነው። የደጋ ገብስ በሰኔ መሬት መግባት አለበት። በነሐሴ የመጣ ዘር ቢዘራ ፍሬ ሳይቋጥር የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ አይዘራውም፤ ለልጆቹ ቆልቶ ያበላዋል። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «ዘር ተሰራጭቷል» ተብሎ ይጻፋል፣ ገበሬውም «ዘሩን በላው» ተብሎ ይወቀሳል። ይህ ግፍ ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው እርዳታ ነው። ዘሩን ያዘገየው ሰማዩ አይደለም፤ ጥናት፣ ፊርማ፣ ጨረታ እየተባለ እኛው እጅ ላይ ነው ክረምቱ የሚገባው።

አሁን ኅዳር ነው። ግዥው አውድማው ላይ እህል ሞልቶ ዋጋው ሳይወጣ፣ በታኅሣሥና በጥር ይፈጸም። የሚገዛው ከዚያው ከፍታ ነው፤ ለደባርቅ ደጋ ከወገራ ደጋ እንጂ የቆላ ዘር አይጫንም። ከመጫኑ በፊት ይፈተሽ፦ ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ ወጥቶ ይቀላቀል፤ 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለልና ጨርቁ ሳይደርቅ 7 ቀን ይቆይ። 85 ከበቀለ ጥሩ ነው። 60 ብቻ ከበቀለ ለነጋዴው ይመለስ፤ ገበሬው እርሻውን ሦስትና አራት ጊዜ አርሶ ግማሽ የሚጠጋው ባዶ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ለዚህ ፍተሻ የሚያስፈልገው ጨርቅና ውሃ ነው፤ በጀት የለም የሚለኝ ሰው እንዳይኖር! ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ተለይቶ ይደርደር፤ ካልሆነ እርጥበትና ነቀዝ ይጨርሰዋል። እስከ ግንቦት 15 ቀበሌ ይድረስ።

ዘር ሲታደል ቀለብ አይቋረጥ። የተራበ ቤት ዘር አያስቀምጥም፤ እስከ እሸት ድረስ ስፍሩ ይቀጥል።

በሬም አለ። ለአንድ ቤት አንድ በሬ ሰጥቶ መሄድ አያሳርስም። ጎረቤታሞች እየተመረጡ ይሰጣቸው፣ ሁለቱን በሬ አጣምረው በመቀናጆ እንዲያርሱ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሞፈሩና ቀንበሩም አብረው ነደዋል፤ ማረሻው በግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

የጤና ኬላውና የትምህርት ቤቱ ጥገና እቅድ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። የምጠይቀው አንድ ነው፦ ለዘር ግዥው ኃላፊ የሚሆነው ሰውና ግንቦት 15 የሚለው ቀን ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈሩ። አመሰግናለሁ።