ቅኔያችንን በየትኛው ፎርማት እናስቀምጥ?

የተከበራችሁ አባላት፣ የቅኔ መምህራን አባቶቻችን፣ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደህና መጣችሁ። ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ መንገዱ ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሌላውን አጀንዳ ለጸሐፊያችን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። የምንቀዳውን ቅኔና ዜማ በየትኛው ፎርማት እናስቀምጥ?

ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። አንድ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ፌዶራ የተባለውን፣ በነፃ የሚታደል የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ይጭናል። በስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ ሲከፍት ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን የለም። ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅና ምስልን የሚጨምቅና መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም፣ ጎድሏል ይለዋል። ልጁም «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ይነቅለዋል። ጥፋቱ ግን የሊኑክስ አይደለም። ፌዶራ በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የታሰረ ኮዴክ አላካትትም የሚል መመሪያ አለው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም የፓተንቱ ባለቤት በየቅጂው ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ማንም እንደፈለገ የሚያባዛውን ሶፍትዌር ማን ቆጥሮ ይከፍላል?

ኤምፒ3 እንኳ ለዓመታት ከፌዶራ ውጭ ነበር። የገባው ፓተንቶቹ ማብቂያቸው ሲደርስ፣ በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ኤች.264 ለተባለው የቪዲዮ ኮዴክ የሚጠየቀውን ክፍያ ራሱ እየከፈለ፣ ኦፕንኤች264 የተባለውን የዚሁ ኮዴክ ፕሮግራም በነፃ ያድላል። ደግ ሥራ ነው፤ ግን በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። የአባቶቻችን ቅኔ በማንም ፈቃድ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

ደግነቱ አማራጭ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ የሆነው ኦፐስ የተባለው የድምፅ ኮዴክ ክፍያ የለበትም። በቴሌግራም የምትልኩት የድምፅ መልእክት በእሱ ነው። በሰከንድ 24 ኪሎቢት ብንቀዳ የአንድ ሰዓት ትምህርት 11 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ቅጂ ግን በፍላክ ይሁን። ፍላክም ክፍት ነው፤ ከተቀዳው ድምፅም ምንም አይጥልም። መሪጌታው ቅኔውን ሲዘርፉ የሚወስዱት ትንፋሽ፣ መቋሚያው መሬት ሲመታ የሚሰማው ሳይቀር ይቀመጣል። ለቪዲዮ ኤቪ1 የተባለው ኮዴክ ጥሩ ነው፤ ግን ለአሮጌ ስልክ ስለሚከብድ ለጊዜው ቪፒ9 የተባለው ይሻለናል።

ሚሞሪ ካርድ ሬዲዮ ላይ ሰክተው ለሚያዳምጡ እናቶች በኤምፒ3 እንስጣቸው። ፓተንቱ ስላለቀ አሁን የሚያግደን የለም።

ረቂቅ መመሪያው በእጃችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያ ሐሳባችሁን ስጡበት፤ መድረኩን ለእናንተ ለቅቄያለሁ።