ዳፊ ጀርመን ይወስዳል? የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

ስለ ስደተኛ ልጆች ትምህርትና ስለ ስኮላርሺፕ በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑት እነሆ።

ጥያቄ (ከጋምቤላ)፦ ዶክተር፣ ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ ጀርመን ይወስዳል?

አይወስድም። ዳፊ ስደተኞች ዩኒቨርሲቲ የሚማሩበት ስኮላርሺፕ ነው። ብሩ የጀርመን ነው እንጂ የምትማረው ተጠልለህ ባለህበት አገር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጀርመን ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትከፍለው ምን ልታተርፍ ነው?

ርኅራኄም አለ፣ ጥቅምም አለ። «ሶፍት ፓወር» ይሉታል፤ ያለ ጠመንጃ ወዳጅ ማፍራት ነው። ኩባን ተመልከቱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጋምቤላ ከነበረው ከኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ 600 ያህል ደቡብ ሱዳናውያንን ወስዳ አስተማረች። ጁባ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያቀላጥፍ ሐኪም ብታገኙ እንዳይገርማችሁ። የእኛንም የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች አስተምራለች። እስቲ አንዳቸው ፊት ኩባን እሙ፣ ጸብ ነው! እኔ ነውር አላይበትም። ብቻ ስኮላርሺፕ ስትፈልጉ ኦሪጅናል የትምህርት ማስረጃችሁን ለማንም አትስጡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አንድ ሰውዬ «የካናዳ ስኮላርሺፕ አለኝ» ብሎ 15,000 ብርና ኦሪጅናል ሰርተፊኬቴን ወሰደ። ሁለት ወሩ። ስልኩ አይሠራም።

ወይ ልጄ! ስንቴ ልናገር? እነዚህ ሰዎች ሁሌም አንድ ናቸው። ማኪያቶ ይጋብዛሉ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቪዛ በቴሌግራም ያሳያሉ። ከዚያ «ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል፣ ዛሬ ካልከፈልክ አለቀ» ይላሉ። እስቲ አስቡት፤ ስማችን ይነሳልን ብሎ ሚሊዮን የሚያፈስ መንግሥት ካንተ 15,000 ብር ይለቅማል? ወዳጅ ፍለጋ የመጣ ወዳጁን አያስከፍልም። የዩኤንኤችሲአር፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ማለት ነው፣ አገልግሎትም ነፃ ነው። ሠራተኛ ነኝ ባዩ ብር ከጠየቃችሁ እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ ክሰሱት። ማስረጃችሁን ዛሬ ማታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩት። ኦሪጅናሉ ከእናታችሁ ሳጥን አይውጣ።

አንተ ግን አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፤ ከዚያም ዩኤንኤችሲአር። ይሄ በሬዲዮ የሚፈታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ በእርዳታ ትምህርት ቤት የባዕድ ቋንቋ ስታወራ ትውላለች። የኛን ትረሳ ይሆን?

ማታ ማታ ተረት ንገሪያት፣ እህቴ። ቴሌቪዥኑን አጥፊና።

ጥያቄ፦ ስመረቅ ለሰጪው አገር የመሥራት ግዴታ አለብኝ?

እንደ ውሉ ነው። ያልገባህ ነገር ካለ ሳትፈርም በፊት ለጠበቃ አሳይ። ለጠበቃውም ቢሆን የምትሰጠው ኮፒ ነው።