የዲምስዴል ኑዛዜ፦ ሰሙ የተሰማ፣ ወርቁ ያልተሰማ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜው ያለው በናትናኤል ሃውቶርን «ዘ ስካርሌት ሌተር» ውስጥ ነው፤ ቀዩ ፊደል ማለት ነው። መጽሐፉ በ1850 ታተመ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ታሪኩን ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ 1642 ገደማ፣ ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ፒዩሪታኖች የተባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች የመሠረቷት ቦስተን። ሄስተር ፕሪን ባሏ በሌለበት ትወልዳለች። በሕጉ ቅጣቱ ሞት ነው፤ ዳኞቹ ግን አቀለሉላትና ሕፃኗን ታቅፋ ሦስት ሰዓት መቀጣጫው መድረክ ላይ እንድትቆም፣ ከዚያም ዕድሜ ልኳን ደረቷ ላይ «ኤ» የምትባለውን ቀይ ፊደል እንድታደርግ ፈረዱባት። አመንዝራነት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በዚች ፊደል ይጀምራል። አባትየው ወጣቱ ሰባኪ አርተር ዲምስዴል ነው። «የልጅሽን አባት ስም ተናገሪ» ብሎ በሕዝብ ፊት እንዲለምናት የታዘዘውም እሱው ነው። ይለምናታል፤ አትናገርም።

ሃውቶርን ይህን ከሜዳ አላመጣውም። በ1644 ሜሪ ላተም እና ጄምስ ብሪተን የተባሉ ሰዎች ማሳቹሴትስ ውስጥ በዝሙት ተሰቅለዋል። ፊደል የማሰፋት ሕግ እዚያ የወጣው ግን ዘግይቶ፣ በ1694 ነው። ፊደሏ ቁመቷ ሁለት ኢንች፣ ቀለሟ ከልብሱ የተለየ ሆኖ ክንድ ወይም ጀርባ ላይ ነበር የምትሰፋው። ደራሲው ወደ ደረት አመጣት። ይህን ለውጥ ልብ በሉት፤ ዲምስዴል በታሪኩ ሁሉ እጁን የማያነሣው ከደረቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መጽሐፉን በእኛ ዓይን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይመስለኛል፦ «ይህ ሰው ንስሐ አባት የለውም?» የለውም። ፒዩሪታኖች ለካህን በጆሮ መናዘዝን ትተዋል፤ በእግዚአብሔር ስም ፍታት የሚሰጥ ካህንም የላቸውም። የሚድነውና የሚጠፋው አስቀድሞ ተወስኗል ብለው ያምናሉ፤ ማን የትኛው እንደሆነ ግን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ምልክት ይፈልጋል፤ በራሱም፣ በጎረቤቱም። ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ጸጋ በልቡ እንዴት እንደሠራ በጉባኤ ፊት መመስከር ነበረበት። «እኔ ከሁሉ የከፋሁ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት የዚያ ምስክርነት የተለመደ አካል ነበር። እንዲያውም ከመመረጥ ምልክቶች አንዱ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ምዕራፍ 11 ላይ የሚሆነው ይህን ካልያዙ አይገባም። ዲምስዴል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስብከት መድረኩ ላይ ወጥቶ እኔ እርኩስ ነኝ፣ ከኃጢአተኞች ሁሉ የከፋሁ ነኝ ይላል። ይህን የሚለው አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሞ ነው። ምእመናኑ ምን አሉ? እሱ እንዲህ ካለ እኛማ ወዮልን አሉ፤ ይበልጥ አከበሩት። ደራሲው የሚነግረን ቃሉ ቃል በቃል እውነት እንደነበር፣ እውነቱ ግን ከአፉ ሲወጣ ወደ ለየለት ውሸት እንደተለወጠ ነው።

እኛ ለዚህ አነጋገር ስም አለን፦ ሰምና ወርቅ። ሰሙ ትሕትና ነው፤ ወርቁ ዝሙቱ። ጉባኤው ሰሙን ሰምቶ ይሄዳል። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የዲምስዴልን ግብዝነት ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ባለቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ቢያንስ አንድ ጆሮ እንዲያገኝለት ነው። ዲምስዴል የሚቀኘው ማንም እንዳይፈታው ነው፤ እንደማይፈቱትም ያውቃል። ሃውቶርን ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ሰውየው ሕዝቡ ኑዛዜውን እንዴት እንደሚሰማው ያውቅ ነበር። ግብዝነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ደራሲው ሰባኪውን ውሸታም አድርጎ ሳለው» የሚል አንባቢ የሳተ ይመስለኛል፤ ስለ ራሱ የተናገራት አንዲት የሐሰት ቃል ፈልጉ፣ ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ልቦለድ ኑዛዜ ሲመጣ ሦስት ነገር እፈትሻለሁ። ድርጊቱ በስሙ ተጠርቷል ወይ? የተበደለው ሰው ንግግሩ ውስጥ አለ ወይ? ተናጋሪው ከተናገረ በኋላ ምን አጣ? የምዕራፍ 11 ኑዛዜ ሦስቱንም ይወድቃል። ዝሙት አልተባለም። ሄስተርና ልጇ ፐርል የሉበትም። ሰውየው ያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም ክብር ተጨምሮለት ወረደ።

ብቻውን ሲሆንስ? ቤቱን ዘግቶ ራሱን በጅራፍ ይገርፋል፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ይጾማል፣ ሌሊቱን በትጋት ያድራል። ምዕራፍ 17 ላይ ጫካ ውስጥ ሄስተርን ሲያገኛት የሚላትን በእኛ ቋንቋ ባስቀምጠው፣ ቀኖናው ሞልቶ ተርፏል፣ ንስሐው ግን የለም ነው። ቀኖናን ለራሱ የሚሰጥ የለም፤ ሰጪ አለው፣ መጠን አለው፣ ማብቂያ አለው። የዲምስዴል ግርፋት ሰጪም ማብቂያም ስለሌለው ሰባት ዓመት ቀጠለ።

መጽሐፉን በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ሦስቱን የመቀጣጫው መድረክ ትዕይንቶች አከታትላችሁ አንብቡ፦ ምዕራፍ 2 እና 3፣ ምዕራፍ 12፣ ምዕራፍ 23። ሰዓቱን ተመልከቱ። የመጀመሪያው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሄስተር ብቻዋን። ሁለተኛው በውድቅት ሌሊት ነው፤ ዲምስዴል ማንም በማያይበት ሰዓት መድረኩ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ሄስተርና ፐርልም አብረውት ይቆማሉ። ፐርል ነገ በቀትር ከእኛ ጋር ትቆማለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። በፍርድ ቀን እቆማለሁ ይላታል። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ መድረኩ ላይ የተገኘውን ጥቁር ጓንት ይዞለት መጣ፦ ሰይጣን ሰርቆ ጥሎት ነው፣ ንጹሕ እጅ ጓንት አያስፈልገውም። ማስረጃው በአካል ወጥቶ እንኳ ሰሙ ወርቁን ዋጠው።

የሚገርመኝ ሌላ ቦታ አለ። በጫካው ከሄስተር ጋር ለመጥፋት ይስማማሉ፤ መርከቡ ወደ ብሪስቶል የሚሄደው በአራተኛው ቀን ነው። ዲምስዴል ይህን ሲሰማ እንኳንም ሆነ ይላል። ምክንያቱም በሦስተኛው ቀን አዲሱ ገዥ ሲሾም የሚሰበከውን ታላቅ ስብከት እሱ ነው የሚሰብከው፤ ሥራውን ሳይፈጽም ሄደ እንዳይባል። ከሰው ሚስት ጋር ሊኮበልል ቆርጦ፣ የሚጨነቀው ለስብከቱ ነው። ደራሲው ራሱ እዚህ ጋ ያዝናል።

የከተማው ግብዝነት ደግሞ በሄስተር መርፌ ይታያል። ጥልፏ የገዥውን አንገትጌ ያስጌጣል፣ የሕፃን ቆብ ላይ አለ፣ የሬሳ ልብስ ላይ አለ። የሙሽራ ነጭ ዐይነ ርግብ እንድትጠልፍ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራችም።

ወደ መጨረሻው ትዕይንት ልሂድ። ምዕራፍ 23፣ ከታላቁ ስብከት በኋላ፣ ፀሐይ ከአናት ትንሽ ዘንበል ስትል። ዲምስዴል ሄስተርንና ፐርልን ይዞ ይወጣል። ከሰባት ዓመት በፊት ልቆምበት ይገባኝ የነበረው ቦታ ይህ ነው ይላል፤ ደረቱን ይገልጣል፣ ይሞታል። ሆኖም በኋላ አንዳንድ የተከበሩ ምስክሮች ደረቱ ላይ ምንም አላየንም፣ ንግግሩም ከሄስተር ጥፋት ጋር አያገናኘውም፣ ሁላችንም ኃጢአተኞች መሆናችንን በምሳሌ ሊያስተምረን ነው አሉ።

ምስክሮቹን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ቃሉን ግን ቀረብ ብላችሁ አንብቡት። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ «እኔ» ማለቱን ይተዋል። በመካከላችሁ አንድ ሰው ቆሞ ነበር፣ የኃጢአቱ ምልክት በእሱ ላይ ነበረ ይላል። «የፐርል አባት ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር እዚያ የለም። አማርኛ እዚህ ላይ መሸሸጊያ አይሰጥም፤ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይናገራልና «ነበረብኝ» ወይም «ነበረበት» ማለት ግድ ነው። የሚተረጉመው ሰው ለማስተካከል ብሎ «ነበረብኝ» እንዳይል እለምናለሁ። ሰባኪው ያለው «ነበረበት» ነው።