የጫካ ራሊ ለማየት የት እንቁም?

[ጫካ። ማለዳ። መኪና አይታይም፤ የሞተር ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል።]

መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። ከዛፎቹ መሐል፣ ከቀኝ ይሁን ከግራ ሳይለይ፣ ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይጮሃል። መንገዱንና ተመልካቹን የሚጠብቀው ማርሻል ረዘም አድርጎ ፊሽካ ይነፋል፤ የሚያወራው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። መኪናው ብቅ የሚለው ጎኑን ሰጥቶ ነው። አፍንጫው ወደ ዛፉ፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ጠጠሩም ከሆዱ ስር በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ እየተንጫጫ። ወዲያው ያልፋል። አቧራና የጋለ ፍሬን ሽታ ብቻ ይቀራል።

ለዚህች ቅጽበት ነው በሌሊት ተነስተን ጫካ የምንገባው። ግን ብዙ ሰው፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚያየው የሌላ ሰው ጀርባና አቧራ ነው። ምክንያቱ ቦታ አለመምረጡ ነው። ስታዲየም ስትገቡ የወንበራችሁ ቁጥር ትኬቱ ላይ ተጽፏል። የጫካ ራሊ ላይ ግን 20 ኪሎሜትር መንገድ ከፊታችሁ ተዘርግቶ፣ ከዚያ ውስጥ የትኛዋ 50 ሜትር ዘንድ እንደምትቆሙ መርጣችሁ መምጣት ያለባችሁ እናንተው ናችሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚህች 50 ሜትር ነው።

[ካርታ በስክሪኑ ላይ።]

ራሊን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። መኪኖቹ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። ለሕዝብ የተዘጋ የመንገድ ቁራጭ አለ፤ ስቴጅ ይባላል። እያንዳንዱ መኪና እዚያ ውስጥ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይታገላል። ከአንዱ ስቴጅ ወደ ሌላው ሲሄዱ ግን በተራው መንገድ፣ እንደ ማንኛውም አሽከርካሪ መብራት እየጠበቁ ነው። የሚለቀቁትም አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ልዩነት ነው። አቧራው ሲበዛ ልዩነቱ ይሰፋል። 60 መኪና በ1 ደቂቃ ልዩነት ከተለቀቀ፣ ሁሉም እናንተ ፊት አልፎ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው።

ይህችን አንድ ሰዓት ያዙልኝና አንድ ስሌት እንሥራ።

ጀማሪ ሁሉ ማየት የሚፈልገው ዝላይ ነው። አልፈርድበትም፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ከመሬት ሲነሳ ማየት ልብ ያቆማል። የፊንላንድ ራሊ ስሙን የተከለው በዚህ ነው። ዩቫስኪላ ከተማ ዙሪያ ያለው ጫካ ውስጥ ኦውኒንፖህያ የሚባል ስቴጅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢስቶኒያዊው ማርኮ ማርቲን እዚያ 57 ሜትር በአየር ላይ ሄዷል። ነገር ግን ጉብታው ስር የቆመ ተመልካች መኪናውን የሚያየው ለ2 ሰከንድ ያህል ነው። 60 መኪና ሲባዛ በ2 ሰከንድ፣ 2 ደቂቃ። ቀኑን ሙሉ ለፍታችሁ 2 ደቂቃ ራሊ አያችሁ ማለት ነው።

አሁን ሌላ ቦታ ውሰዱ። ረዘም ያለ ቀጥታ፣ ጫፉ ላይ የግራ ኩርባ፣ ወዲያው ተከትሎት የቀኝ ኩርባ፤ ይህን ሁሉ ከላይ ሆናችሁ የምታዩበት አንድ ከፍታ። እዚህ እያንዳንዱ መኪና 12 ሰከንድ ያህል ዓይናችሁ ውስጥ ይቆያል። 60 ሲባዛ በ12፣ 12 ደቂቃ። ስድስት እጥፍ! ደግሞ የምታዩት ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ መንዳትን ታያላችሁ። አንዱ ፍሬን ቀድሞ ይይዛል፣ ሌላው አርፍዶ። አንዱ ወደ ግራ ለመታጠፍ መጀመሪያ መሪውን ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ አንድ ጎን ይወድቅና ሲመለስ ጅራቱን ይዞት ይዞራል። ይህን አይታችሁ ቀጣዩን መኪና ከፊተኛው ጋር ማወዳደር ስትጀምሩ ራሊ ገብቷችኋል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሁልጊዜ የተያያዙ ኩርባዎችን ወይም መገንጠያን ነው። እጥፍ ብሎ የሚመለስ ጠባብ ኩርባም ጥሩ ነው፤ መኪናው ይዘገያል፣ የእጅ ፍሬን ሲሳብ የኋላ ጎማዎቹ ቆመው ሲንሸራተቱ በግልጽ ይታያል። ሕዝቡም ግን ይህን ያውቃልና ይጨናነቃል።

[ካርታው ይቀርባል፤ የከፍታ መስመሮች ይታያሉ።]

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ከቤት ሆኖ እንዴት ይገኛል? አዘጋጆቹ ከውድድሩ በፊት የተመልካች መመሪያ ያወጣሉ። የስቴጆቹ ካርታ፣ የመጀመሪያው መኪና የሚነሳበት ሰዓት፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የተፈቀዱት የተመልካች ሥፍራዎች እዚያ ላይ አሉ። መነሻው ይህ ነው። ከመመሪያው ጎን የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ክፈቱ። መስመሮቹ ተጠጋግተው መንገዱን ከአንድ ጎን ካጀቡት፣ በዚያ ጎን ተዳፋት አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከመንገዱ በላይ መቆም ይቻላል ማለት ነው። መስመሮቹ ርቀው ከተበታተኑ ሜዳ ነው፤ ከሰው ትከሻ በላይ አታዩም።

የሳተላይት ፎቶም ተመልከቱ፤ ግን አትመኑት። እነዚህ ጫካዎች አብዛኞቹ እንጨት የሚመረትባቸው ናቸው፤ ይቆረጣሉ፣ ይተከላሉ። ፎቶው ላይ ገላጣ የሆነው ቦታ ፎቶው የቆየ ከሆነ ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ባደገ ችግኝ ተሸፍኖ ይሆናል። በተቃራኒው ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው ባለፈው ዓመት ተመንጥሮ፣ ግማሽ ኪሎሜትር መንገድ ወለል አድርጎ የሚያሳይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አዲስ የተመነጠረ ተዳፋት ለራሊ ተመልካች ከሁሉ የሚበልጥ ሥፍራ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፦ ከመንገዱ ዳር ተቆልለው የተቀመጡ ግንዶች ላይ አትውጡ። እንደ መድረክ ይመቻሉ፣ ግን አንዱ ከተንሸራተተ ሁሉም ይንከባለላል።

ከዚያ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ። መንገዱ የሚዘጋው የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ። ከተዘጋ በኋላ በስቴጁ ላይ መራመድ አይቻልም። መኪናችሁን ካቆማችሁበት 2 ኪሎሜትር በእግር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ዳገቱንም ልጆቹንም አስባችሁ 40 ደቂቃ ያዙ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት የ3 ሰዓቱ ስቴጅ በሌሊት የሚያስነሳ መሆኑ ይገባችኋል። በአንድ ቀን አራት ስቴጅ አያለሁ የሚል ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው መሪ ይዞ ነው። የእኔ ምክር አንድ ስቴጅ፣ ቢበዛ ሁለት። አብዛኛውን ጊዜ ያው ስቴጅ ጠዋት ተነድቶ ከሰዓት በኋላ ይደገማል፤ እዚያው መዋል ይቻላል።

[የአንድ ኩርባ ሥዕል ከላይ ሲታይ።]

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ኩርባውን መረጣችሁ፤ በየትኛው ጎኑ ትቆማላችሁ?

በ100 ኪሎሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ይጓዛል። አይታችሁ፣ ደንግጣችሁ፣ እግራችሁን እስክታነሱ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ሄዷል። ስለዚህ መሮጥ የሚባለው ነገር መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያድናችሁ ቀድሞ የመረጣችሁት ቦታ ነው።

ሥዕሉን ተመልከቱ። መንገዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ዝቅ ያለች ጉብታ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል። የኩርባው ውጪ ማለትም የቀኙ ጎን ለፎቶ ያማልላል፤ መኪናው ፊት ለፊት ይመጣባችኋልና። ፍሬኑ እምቢ ቢል፣ ጎማው ቢፈነዳ ወይም ሾፌሩ አርፍዶ ቢይዝ መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄደውም ወደዚያው ነው። እዚያ አትቆሙም፤ አለቀ። የውስጡ ጎን ይሻላል የሚሉ አሉ። ጥጉ ላይ ግን እሱም አይሆንም፤ ሾፌሮቹ ኩርባውን ቆርጠው ጎማቸውን ሳሩ ላይ ያወጣሉ፣ ያን ጊዜ ድንጋይ ይወረወራል። የጡጫ ያህል ድንጋይ ከጫማዬ ጎን ጭቃው ውስጥ ሲሰነቀር አይቻለሁ። ከጉብታው በታች ያለው መንገድ ዳርም ይቅርባችሁ፤ መኪናው እንዴት እንደሚያርፍ ሾፌሩም እርግጠኛ አይደለም። መገንጠያ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ የሚቀጥለው መንገድ ኩርባው ያመለጠው መኪና የሚወጣበት ነውና ባዶ መሆን አለበት።

የቀረችው በግራ በኩል፣ ከኩርባው በፊት፣ ከመንገዱ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብላ ወደ ኋላ ራቅ ያለችው የተዳፋቱ ትከሻ ናት። ከዚያ ቀጥታውም፣ ጉብታውም፣ ኩርባውም ይታያል፤ መንገድ የሳተ መኪና ደግሞ ከእናንተ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። ከኋላችሁም ክፍት ነው።

ስለ ኋላ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ማርሻል ናቸው። ጥሩ ቦታ ያዝኩ ብዬ ካሜራዬን ሳስተካክል ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ መኪናው ወደዚህ ቢመጣ ወዴት ትሄዳለህ?» አሉኝ። ዞር ስል ከጀርባዬ አንድ እርምጃ ላይ የሽቦ አጥር ነበር። ምንም ሳልናገር ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ላይ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትም ስቆም ያንን ጥያቄ ራሴን ሳልጠይቅ ካሜራ አላወጣም።

[ጥቁር ስክሪን። ጽሑፍ፦ እ.ኤ.አ. 1986፣ ፖርቱጋል]

ይህን ሁሉ የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በፖርቱጋል ራሊ፣ ሲንትራ አካባቢ፣ ተመልካቹ መንገዱ ውስጥ ገብቶ መኪና ሊነካው ሲደርስ ብቻ ገለል ይል ነበር። አንድ ሾፌር መንገድ ላይ የቆሙትን ለማዳን ሲል መኪናውን መቆጣጠር አቃተውና ሕዝቡ መሐል ገባ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ከ30 በላይ ቆሰሉ። የመኪና ፋብሪካዎቹ ያሰለፏቸው ቡድኖች ሾፌሮች ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ዛሬ ተመልካች በተሳሳተ ቦታ ከቆመ ስቴጁ ሊሰረዝ ይችላል። ማርሻሎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ፣ ለፍቅሩ ብለው በብርድ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ተነሱ ሲሏችሁ አትከራከሯቸው። ቀይ ሪባን የተወጠረበት ቦታ ክልክል ነው፤ ሪባን ባይኖርም ቦታው አደገኛ ከሆነ አደገኛ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ለልጆች የጆሮ መከላከያ፣ ስልኩ ላይ ቀድሞ የወረደ ካርታ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ውሻውን ቤት ተዉት። ድሮንም እንዲሁ፤ የሕክምና ሄሊኮፕተር በዚያው ሰማይ ይበራል። መኪናችሁን ስታቆሙ አምቡላንስ የሚያልፍበት ስፋት ተዉ። ነፋሱንም አስተውሉ፤ ከመንገዱ ወደ እናንተ የሚነፍስ ከሆነ ከሁለተኛው መኪና በኋላ የምታዩት አቧራ ነው።

ፊታችሁ መኪና ቢገለበጥስ? ሮጦ ለመግፋት የማይቋምጥ ሰው የለም። ግን ቀጣዩ መኪና ከ1 ደቂቃ በኋላ እዚያው ነው። ማርሻሉን ጠብቁ። ሾፌሮቹ ደህና ከሆኑ ኦኬ የሚል ሰሌዳ ያሳያሉ፤ እርዳታ ከፈለጉ ቀዩን የኤስ ኦ ኤስ ሰሌዳ።

[መንገድ። አቧራ እየረገበ። ትንንሽ መብራት ያላት መኪና ታልፋለች።]

ከውድድሩ በፊት ሦስት ዜሮ፣ ሁለት ዜሮ፣ አንድ ዜሮ የተጻፈባቸው መኪኖች እያሰለሱ ያልፋሉ፤ መንገዱን የሚፈትሹ ናቸው። አንድ ዜሮዋ ካለፈች ተወዳዳሪዎቹ ደርሰዋል። በመጨረሻ ደግሞ መዝጊያዋ መኪና ትመጣለች። እሷ ሳታልፍ ማንም መንገዱ ላይ አይወርድም፤ የመጨረሻው የመሰላችሁ መኪና የመጨረሻው ላይሆን ይችላል።

ካለፈች በኋላ፣ ማርሻሉ ከፈቀደ፣ ብዙ ሰው ወደ መኪናው ሲሮጥ እናንተ ወደ ኩርባው ውረዱ። ጠዋት ልስልስ የነበረው ጠጠር ተጠርጎ ሁለት ጥልቅ ቦይ ሠርቷል። ፍሬን የተያዘበት ቦታ መሬቱ ተቧጥጦ ይታያል። ጥጉ ላይ ሳሩ ተገንጥሎ፣ ከስር ድንጋዩ ወጥቷል። ጎማ ከመንገድ የወጣበትንም አታጡትም፤ አንዱ ጉድባው ውስጥ ገብቶ እንደምንም ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ያው 60 መኪና በዚያው ቦይ ውስጥ ይመጣል፣ ያ ድንጋይም እዚያው ይጠብቀዋል። ጎንበስ ብላችሁ ዱካውን እየተከተላችሁ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመልከቱ፤ ከዚያ ቀና በሉና ለሁለተኛው ዙር የምትቆሙበትን ተዳፋት ፈልጉ።