አስራ ሰባተኛው ጥያቄ

…እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔው ነኝ። ባለፈው ስለ ትምህርት ቤት ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ስናወራ «ጨርሰናል» ብዬ ነበር። አልጨረስንም። ያቺ ስብሰባ አልወጣልኝ አለች።

የትኛዋ እንደሆነች ታውቋታላችሁ፤ ፈተና ታርሞ ሲያልቅ የምትደረገዋ። ፊዚክስ እንበል። አራት መምህራን፣ አራት ሴክሽን፣ 50፣ 50 ተማሪ፣ ሁሉም የወሰዱት ፈተና አንድ ዓይነት፣ አርባ የምርጫ ጥያቄ። 17ኛው ጥያቄ፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ሲደርስ አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚቀየርበት መጠን፣ ስንት ነው? መልሱ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ወደ ታች። ከ200ው ልጅ 64 አገኙት። ኃላፊው «ተማሪዎቹ አላጠኑም» ይልና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል።

ቆይ፣ እዚህ ላይ እንቁም። 64ቱን በሴክሽን ስትከፍሉት «ለ» ላይ 34፣ ሌሎቹ ላይ አስር አስር ሆኖ ቢወጣስ? አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያከብ ክፍል እንኳ ከ50 አስራ ሁለት አስራ ሦስት ያገኛል። ሦስቱም ላይ አስር ሲሆን ልጆቹ የገመቱ አይመስልም። አምነው ሳይስቱ አይቀሩም! ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ) ዜሮ ስለሆነ አክስለሬሽኑም ዜሮ መስሏቸው ይሆናል። ይህ ደግሞ ባለማጥናት የሚመጣ ስህተት አይደለም፤ ያጠና ልጅም ይዞት ይመጣል። ለዚህ ነው ስንት ልጅ ሳተ ብቻ ሳይሆን ስንቱ የትኛውን ፊደል መረጠ ተብሎ መቆጠር ያለበት። አርባውንም መቁጠር ካልተቻለ በጣም የተሳቱት አስሩ ይበቃሉ።

ደግሞ «ለ» ጎበዝ ጎበዞቹ የተሰበሰቡበት ሴክሽን ሊሆን ይችላል። እሱን ለመለየት ሌሎቹን ጥያቄዎች ማየት ነው። በአርባውም የሚበልጡ ከሆነ ጉዳዩ የልጆቹ ነው። በ17ኛውና በጎረቤቶቹ ብቻ ከሆነ ግን ያ መምህር አንድ ነገር አድርጓል። «እንዴት ነው ያስተማርከው?» መባል ያለበት ያኔ ነው።

አይባልም ግን። ለምን? ኃላፊው አለቃ አይደለም እኮ። ነገ እዚያው ስታፍ ሩም አጠገባቸው ይቀመጣል። ጥያቄው ለሌሎቹ ሦስት መምህራን ክስ መስሎ ይሰማቸዋል። ብሶ ደግሞ ሴክሽኖቹን በደረጃ ለጥፎት ቢሆን፣ በሚቀጥለው ፈተና ሁሉም ቀላል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እና… ዝምታውን እረዳዋለሁ። ያናድደኛልም።

የድርሰት እርማቱም ያው ነው። እርማት ሳይጀመር አምስት ወረቀት ስም ሸፍኖ ማባዛት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያርም፣ ከዚያ ማነጻጸር። ለአንድ ወረቀት አንዱ ከአስር 4፣ ሌላው 8 ከሰጡ፣ የትኛው ሴክሽን ደከመ ብሎ ማውራት ከንቱ ነው። ታርሞ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማንም ውጤት መቀየር አይፈልግም… ከርዕሴ ወጣሁ መሰለኝ።

የትምህርት አመራር ተመራማሪዋ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ መሪው ከመምህራኑ ጋር አብሮ የሚማርበት አመራር በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር፤ በተጽዕኖ መጠን መለኪያ (effect size) 0.84። ጥናቶቹ ግን ባብዛኛው ርዕሰ መምህራንን የሚመለከቱ ናቸው። ለዲፓርትመንት ኃላፊም ይሠራል ለማለት አፌን ሞልቼ… እንዲያውም ለክፍሉ ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ግን መቅረብ ብቻውን፣ እ… አላውቅም።

ክስ እንዳይመስል ምናልባት ያንን ጥያቄ ትቶ የ«ለ»ን መምህር «ይህን ያስተማርክባትን አስር ደቂቃ እዚሁ አስተምረን» ማለት ይሻላል። ሦስቱ ይዩ፣ መልሰው ያስተምሩ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኳሱን በድንጋይ ቀይሮ ሁለት ጥያቄ መስጠት። ኃላፊውም ገብቶ 20 ደቂቃ ይይ፤ ያቺን አንድ ነገር ብቻ። ግን ኃላፊው ራሱ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተሸክሞ፣ ጠመኔ አከፋፍሎ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ… የእሱን ክፍል በዚያ ሰዓት ማን ይያዝለት? ርዕሰ መምህሩ? አንዳንዱ ያደርገዋል ይሆናል። አንድ ቀን። በየሳምንቱ ሲሆን ግን…