በረካ ላይ መድረስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም የምቀዳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። ውጪ ዝናብ ነው። ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የኛ ብሎክ ውሾች ናቸው፣ ቻሉት። እኔም ካስነጠስኩ ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ጀርመን ልማረው ስላሰብኩት ማስተርስ ሳወራ «ለምን መስከረምን ትተሽ እስከ መጋቢት አትቆዪም?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ።

ጀርመን ውስጥ ሴሚስተር የሚጀምረው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ኦክቶበር 1፣ በኛ መስከረም 21። ሌላው ኤፕሪል 1፣ መጋቢት 23። የመስከረሙን «ዊንተር ሴሚስተር» ይሉታል። ለእማዬ ክረምት ብዬ ተረጎምኩላት። «ክረምትማ ይኸው እያለቀ ነው፣ የቱን ክረምት ነው የምትዪኝ?» አለች። የነሱ ክረምት በረዶ፣ የኛ ጭቃ። መጸው ላይ ተጀምሮ ብርድ መሀል እንደሚገባ ላስረዳት ስል ሽሮዋ ገነፈለባትና ጥላኝ ሄደች።

እውነት ለመናገር ልቤ ወደ መጋቢቱ ነበር። የመስከረሙ ማመልከቻ ብዙ ቦታ ጁላይ 15፣ ማለትም ሐምሌ 8 ይዘጋል። እኔ ደግሞ ለአንዲት ትራንስክሪፕት፣ ለዩኒቨርሲቲ ውጤቴ ወረቀት፣ ስመላለስ ነው ሰኔን የጨረስኩት። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ።» ከዚህ መሀል ከተማ ደርሶ መልስ፣ ከታክሲ ሰልፉ ጋር፣ ግማሽ ቀን ነው። ነገ ማለት ለነሱ ቀላል ነው።

ሀሳቤን ያስቀየረኝ የኮርስ ዝርዝሩ ነው። ብዙ ፕሮግራም መጋቢት ላይ ጭራሽ አይቀበልም። የኔው ይቀበላል፣ ግን ኮርሶቹ የተደረደሩት ከኦክቶበር ጀምሮ ነው። መጋቢት የገባ ሰው ክፍል ሁለትን ከክፍል አንድ በፊት ሊማር ይችላል። ሰዉም እንደዚያው። ኦክቶበር ላይ አብዛኛው አዲስ ነው፣ ሁሉም ግራ ገብቶት መንገድ ይጠያየቃል። መጋቢት መግባት በረካ ላይ እንደመድረስ ነው። ቡናው አለ፣ ግን ቀጥኗል፣ ወሬውም አልፏል።

ጣጣ የለውም አልልም። ሁሉም አንዴ ስለሚገባ ቤት ማግኘት መከራ ነው። ጨለማውም አለ። ታኅሣሥ ላይ በርሊን ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ አስር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ የምትገባ ፀሐይ ነው የማውቀው። መጋቢት የሚሄድ ሰው ብርሃኑ እየጨመረለት ይለምዳል። እኔ እየቀነሰብኝ ልለምድ ነው። ይህ ያስፈራኛል፣ አልዋሽም።

ቪዛው ገና ነው። እሱ ከደረሰ መስከረም 18 እበራለሁ። ቀኑን የቆረጠችው እማዬ ናት። «ደመራ ሳይለኮስ ከዚህ ቤት አትወጪም» አለች፣ አለቀ። ትምህርቱ ራሱ የሚጀምረው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ስለሆነ እኔም አልተከራከርኩም።

የሷ ጭንቀት በርበሬው ነው። ዝናቡ ማስጫ አሳጣት። ትናንት አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ወጣችና ሁለታችንም ሰፌድ ተሸክመን ወደ በረንዳ ሮጥን። ዘርግተን ሳንጨርስ ደመነ። አሁን በርበሬው በሙሉ እኔ ክፍል ነው፣ አልጋዬ ሥር፣ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ። ማስነጠሴ ከዚያ ነው። «ካልደረቀስ?» አልኳት ማታ።

«እስከ መጋቢት ትቆያለሻ» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።